በሰው ፒያኖ መጫወት፦ ለመድረክ ለምትዘጋጁ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ቫዮሊን ተጫዋች መሣሪያውን ጀርባው ላይ አዝሎ ይዞራል። ክራር ደርዳሪውም ዋሽንት ነፊውም እንዲሁ ነው፤ ጠባዩን ጠንቅቆ የሚያውቀውን መሣሪያ ይዞ መድረክ ላይ ይወጣል። ፒያኒስት ይህ ዕድል የለውም። ቤቱ በለመደው ፒያኖ ወራት ይደክምና፣ በኮንሰርቱ ቀን እጁ ነክቶት በማያውቅ ፒያኖ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት ሙከራ በኋላ ሙሉ ፕሮግራም ይጫወታል። በሰው ምጣድ እንጀራ እንደ መጋገር ነው፤ የእሳቱን ጠባይ ሳያውቁ ሊጡን ማፍሰስ የግድ ይሆናል። እንደ ቭላዲሚር ሆሮዊትዝና እንደ ክርስቲያን ዚመርማን የራሳቸውን ፒያኖ አስጭነው የዞሩ ጥቂት ታላላቆች አሉ። ለቀረነው ሁሉ ግን መሣሪያው የሰው ነው።

ስለዚህ የኮንሰርት ፒያኒስት ሥልጠና ከሥር ከመሠረቱ አንድ ዓላማ አለው ብዬ አምናለሁ፤ በማታውቁት መሣሪያ፣ ባልመረጣችሁት አዳራሽ፣ ሰውነታችሁ ባልተመቸው ቀን የማይፈርስ ሥራ መሥራት። ከዚህ በታች የምጽፍላችሁ ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

መጀመሪያ ከቁልፉ ሥር ምን እንዳለ እወቁ። ዐሥር ዓመት ተምሮ አንድ ቀን እንኳ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ያላየ ተማሪ ብዙ ነው። ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፤ 52ቱ ነጭ፣ 36ቱ ጥቁር ናቸው። ክሮቹ ከ200 በላይ ሲሆኑ፣ የሁሉም ውጥረት ቢደመር ወደ 20 ቶን ይጠጋል። ይህን ሁሉ ጉልበት የሚችለው በቅርጽ የፈሰሰው ወፍራም የብረት ፍሬም ነው። ቁልፉን ስትጫኑት የሚወርደው 10 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። መዶሻው ክሩን ሊመታ 2 ሚሊሜትር ገደማ ሲቀረው ከቁልፉ ቁጥጥር ይለቀቅና የቀረችውን መንገድ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ጣታችሁ ምንም ያህል ቢጫን ድምፁ አይለወጥም።

ይህን ነገር በእጃችሁ አረጋግጡት። አንድ ቁልፍ በጣም ቀስ ብላችሁ ጫኑ፤ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ትንሽ እንቅፋት የመሰለ ነገር ጣታችሁን ይነካዋል። መዶሻው የሚለቀቀው እዚያ ላይ ነው። ድምፅ የሚሠራው ከዚያ ነጥብ በፊት ባለው ፍጥነት ነው። ለስላሳ ድምፅ ስትፈልጉ ቁልፉን በዝግታ እስከዚያ ነጥብ ድረስ ማድረስ ነው፤ ብርቱ ድምፅ ስትፈልጉ በክንድ ክብደት ፈጥኖ ማድረስ ነው። በሁለቱም ጊዜ ቁልፉ እንደወረደ እጁ ወዲያው ይፍታታ። ቁልፉ ወለሉን ከነካ በኋላ እየገፉ መቆየት ለሙዚቃው አንዳች አይጨምርም፤ የእጅ ጅማትን ግን ይጎዳል።

ክሮቹ ቀጥ ብለው በቆሙበት በቋሚው ፒያኖና ክሮቹ በተጋደሙበት በግራንድ ፒያኖ መካከል ያለውም ልዩነት እዚሁ ላይ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሴባስቲያን ኤራር እ.ኤ.አ. በ1821 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት አሠራር፣ የግራንድ ፒያኖ ቁልፍ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ሳይመለስ እንደገና እንዲመታ ያስችላል። በቋሚው ፒያኖ ግን ቁልፉ ወደ ቦታው ሊመለስ ጥቂት እስኪቀረው መጠበቅ አለባችሁ። በቋሚ ፒያኖ ብቻ ያደገ ተማሪ ጣቱን ከፍ አድርጎ ማንሣት ይለምድበታል፤ ግራንድ ላይ ሲቀመጥ ትሪሉ (ሁለት ጎረቤት ኖታዎችን በፍጥነት ማፈራረቁ) እና ተደጋጋሚ ኖታው ይከብደዋል። መፍትሔው ጣትን ከቁልፉ ሳያነሡ፣ ቁልፉን ግማሽ መንገድ ብቻ እያስመለሱ አንዱን ኖታ መደጋገም ነው። ግራንድ ባገኛችሁ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ደቂቃዎች ለዚህ ስጡ።

አዲስ አበባ ውስጥ የምትማሩ ልጆች የምትለማመዱባቸው ፒያኖዎች ብዙዎቹ አሮጌ ቋሚ ፒያኖዎች እንደሆኑ አውቃለሁ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ በጋው ደረቅ፣ ክረምቱ እርጥብ ነው። የፒያኖው የድምፅ ሰሌዳ ደግሞ እንጨት ነው። በበጋ እንጨቱ ይደርቅና ይኮማተራል፤ ቅኝቱ ይወርዳል፣ ክሩን የያዙት ችንካሮችም ይላላሉ። በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ ቅኝቱ ይወጣል፣ ቁልፎች ይጣበቃሉ። ስለዚህ ፒያኖ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይቃኝ። ዝናቡ በቆመ በሳምንቱ ቃኚ አትጥሩ፤ እንጨቱ ገና እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ ልፋቱ ከንቱ ይቀራል። ጥቂት ሳምንታት ቆዩና አስቃኙ። ፒያኖውን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቁት። የእርጥበት መለኪያ በርካሽ ይገኛል፤ ከ40 እስከ 50 በመቶ መካከል ከሆነ መልካም ነው። የመዶሻውን ፈልት (ራሱን የሚሸፍነውን ሱፍ) ብል እንዳይበላውም በየጊዜው ውስጡን እየከፈታችሁ እዩ።

ለዓመታት ሳይቃኝ ቆይቶ ግማሽ ድምፅ ያህል የወረደ ፒያኖ ቢገጥማችሁ፣ በአንድ ቀን ወደ መደበኛው የቅኝት ከፍታ፣ ወደ 440 ኸርዝ፣ ይሳብ ብላችሁ ቃኚውን አታስጨንቁት። ያረጁ ክሮች ይበጠሳሉ፤ ባይበጠሱም ቅኝቱ በሳምንት ውስጥ ይመለሳል። በሁለትና በሦስት ጊዜ ደረጃ በደረጃ ይውጣ።

ፒያኖ የሌላችሁ በኤሌክትሪክ ፒያኖ ተለማመዱ፤ ነገር ግን 88 ቁልፎች ያሉት፣ ቁልፎቹም ክብደት ያላቸው ይሁን። 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ለዝግጅት ሙዚቃ ጥሩ ነው፤ የቤትሆቨንን ሶናታ ግን አያስተምራችሁም። የተሻለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ ጣትን ያፈጥናል፣ የኖታ ንባብን ያግዛል። የማያስተምረው የድምፅ ቀለምንና የፔዳልን ጥልቀት ነው። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ እውነተኛ ፒያኖ ፈልጋችሁ ተቀመጡ፤ የትምህርት ቤት ይሁን፣ የሆቴል ይሁን፣ የወዳጅ ቤት ይሁን፣ የተበላሸ እንኳ ይሁን። ስትቀመጡም ሳትሟሟቁ፣ ቀጥታ ከፕሮግራማችሁ አንዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወቱ። የመድረክ ሕይወት ይህንኑ ነው የሚጠይቃችሁ።

አሁን ወደ ልምምዱ ልግባ፤ ረዘም አድርጌ የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

አዲስ ሥራ ስትይዙ መጀመሪያ ኖታውን ይዛችሁ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ክፍሎቹን ለዩ፤ ሙዚቃው ከየትኛው ቶናሊቲ (ሲ ሜጀር፣ ዲ ማይነር እንደምንለው) ተነሥቶ ወደ የትኛው እንደሚሄድ በእርሳስ ጻፉ። ጀርመናዊው ፒያኒስት ዋልተር ጊዘኪንግ ከመምህሩ ካርል ላይመር ጋር ያዳበሩት ዘዴ ኖታውን ከፒያኖ ርቆ በአእምሮ ማጥናት ነበር። የትምህርት ቤቱን ፒያኖ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ለምታገኙ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ የግራ እጁን መስመር በአፋችሁ እየዘመራችሁ፣ የቀኝ እጁን ምት በጠረጴዛ ላይ መምታት ትችላላችሁ።

ቀጥሎ የጣት ቁጥር ነው። እዚህ ላይ በየክፍሉ የሚታይ ስሕተት አለ። ተማሪው በዝግታ እየተጫወተ የተመቸውን ጣት ይጽፋል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ያ ጣት አይሠራም። ከሁለት ወር በኋላ ይለውጠዋል፤ አሮጌው ጣት ግን በእጁ ውስጥ ይቀርና መድረክ ላይ፣ ጭንቀት ሲበረታ፣ ይመለስበታል። ስለዚህ ጣት ከመጻፋችሁ በፊት ያንን ሐረግ፣ አራት ወይም ስምንት ኖታ ብቻ፣ በሙሉ ፍጥነቱ ሞክሩት። ሲሠራ ጻፉት። ከጻፋችሁ በኋላ አትንኩት።

በሜትሮኖም (በምት ቆጣሪ) ቀስ በቀስ ፍጥነት መጨመር ጥሩ ነው፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ያለ ስሕተት ካለፈ በአራት ምት ከፍ ይደረጋል። ብቻውን ግን አይበቃም። በዝግታ የሚሠራ የእጅ እንቅስቃሴና በፍጥነት የሚሠራው አንድ አይደሉም፤ በደቂቃ ከ60 ምት ተነሥቶ እየጨመረ የሚሄድ ሰው ዝግተኛውን እንቅስቃሴ ይዞ ይሄድና ከአንድ ቦታ በላይ አልወጣ ይለዋል። መፍትሔው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አጫጭር ቁራጮችን በሙሉ ፍጥነት መጫወትና መቆም ነው፤ አራት ኖታ፣ ዕረፍት፤ ቀጣዩ አራት፣ ዕረፍት። ኋላ ይጋጠማሉ።

በአንድ ጊዜ 45 ደቂቃ ሥሩ፤ ዐሥር ደቂቃ ተነሥታችሁ እጃችሁን አፍታቱ። በቀን በጠቅላላው አራት ሰዓት በትኩረት ከሠራችሁ በቂ ነው። ስምንት ሰዓት ተቀመጥን የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ከስምንቱ ውስጥ ጆሯቸው የሠራበትን ሰዓት ግን አይቆጥሩም።

በቃል መያዝን በተመለከተ አንድ ሥራ በቅርብ እንይ። የቤትሆቨን ኦፐስ 53፣ ቫልድሽታይን የሚባለው ሶናታ፣ በሲ ሜጀር፣ በፒያኒሲሞ (እጅግ በለስላሳው)፣ በተደጋገሙ ኮርዶች (አብረው በሚመቱ ኖታዎች) ይጀምራል። የመጀመሪያው ሐረግ አራት ባር (በኖታው ላይ በቋሚ መስመር የሚለይ የምት ክፍል) ነው። በአምስተኛው ባር ያው ሐረግ አንድ ድምፅ ወርዶ በቢ ፍላት ይመጣል። በ14ኛው ባር መክፈቻው ተከፋፍሎ በአሥራ ስድስተኛ ኖታዎች ይደገማል፤ በ18ኛው ባር ግን መውረዱ ቀርቶ አንድ ድምፅ ወጥቶ ወደ ዲ ማይነር ይሄዳል። እጁ ብቻ የሚያስታውስለት ተማሪ እዚህ ላይ ወደ ቢ ፍላት ይወርድና መንገዱ ይጠፋበታል። ወረድ ብሎም ሌላ ወጥመድ አለ። ሁለተኛው ጭብጥ መጀመሪያ ሲመጣ በኢ ሜጀር ነው፤ በኋለኛው ክፍል ሲመለስ ግን በኤ ሜጀር ይጀምርና ወደ ሲ ይዞራል። ይህን በቃሉ ያልተናገረ፣ በጣቱ ብቻ የሚያውቅ ፒያኒስት ከኋለኛው ክፍል ወደ ፊተኛው ተመልሶ ሶናታውን እንደ አዲስ ሲዞረው ይገኛል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ሥራ ከ8 እስከ 12 ባር ባለው ርቀት ጣቢያ አብጁለት፤ ቁጥር ስጡት። ከዚያ አንድ ሰው ቁጥር ይጥራላችሁ፤ ሰባት ሲል ከሰባተኛው፣ ሦስት ሲል ከሦስተኛው፣ ያለ ኖታ ጀምሩ። ሁሉንም ጣቢያ ከኋላ ወደ ፊትም ሂዱበት። መድረክ ላይ ስትስቱ ሕጉ አንድ ነው፤ ወደ ኋላ አትመለሱ፤ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ግቡ። ግራ እጅ ሳይቆም ከቀጠለ አብዛኛው አድማጭ አያውቅም።

የዚሁ ሶናታ መጨረሻም ስለ መሣሪያ ያስተምራችኋል። እጅግ ፈጣን በሆነው መዝጊያ፣ በፕረስቲሲሞው ውስጥ፣ ቤትሆቨን በኦክታቭ (ስምንት ነጭ ቁልፍ በሚያካልል ስፋት) እጅን በቁልፎቹ ላይ የሚያንሸራትት ግሊሳንዶ ጽፏል። በእርሱ ዘመን በቪየና ፒያኖ ቁልፉ ቀላል፣ ጉዞውም አጭር ስለነበር የሚሠራ ነበር። በዛሬው ከባድ ቁልፍ ግን ብዙ ፒያኒስቶች ለሁለት እጅ አካፍለው ወይም በፈጣን የአንጓ ኦክታቭ ይጫወቱታል። ሦስቱንም መንገድ አዘጋጁ፤ የትኛው እንደሚሠራ የምታውቁት ከአዳራሹ ፒያኖ ጋር ስትገናኙ ነው።

ስለ ሕመም ደግሞ ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ። ድካምና ሕመም ይለያያሉ። ድካም በክንድ ጡንቻ ላይ ይሰማል፤ ዐርፋችሁ ሲነጋ የለም። ሕመም አንጓ ወይም ክርን አካባቢ ስል ሆኖ ይመጣል፤ አንዳንዴ የጣት መደንዘዝ ይከተለዋል። ሕመም ሲሰማችሁ በዚያው ደቂቃ አቁሙ፤ በሁለትና በሦስት ቀን ካልለቀቀ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። መምህር “ሲለመድ ይተዋል” ቢላችሁም አትስሙት። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ነገሮች አንዱ ነው፤ ወንበሩ ዝቅ ብሎ አንጓው ወደ ላይ መታጠፉ፣ ትከሻ ወደ ጆሮ መሰብሰቡ፣ በኦክታቭ ጊዜ አውራ ጣት መጨበጡ፣ ወይም ሰዓቱን በድንገት ማብዛት። ውድድር ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከሦስት ሰዓት ወደ ሰባት የሚዘል ተማሪ ራሱን ይሰብራል።

ከሁሉ የሚከፋው ሕመም የሌለበት ነው፤ አራተኛውና አምስተኛው ጣት ሳይታዘዙ ወደ መዳፍ መታጠፍ ይጀምራሉ። ፎካል ዲስቶኒያ ይባላል። አሜሪካዊው ሊዮን ፍላይሸር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቀኝ እጁን በዚህ አጥቶ ለብዙ ዓመታት ለግራ እጅ ብቻ የተጻፉ ሥራዎችን ሲጫወት፣ ሲያስተምርና ኦርኬስትራ ሲመራ ኖሯል። የጀመረውን በሰዓት ብዛት አሸንፋለሁ ማለት ያባብሰዋል። እንዲህ ያለ ምልክት ካያችሁ ልምምዱን ትታችሁ የነርቭ ሐኪም አማክሩ።

የኮንሰርቱ ቀን። አዳራሹ እንደገባችሁ ከሁሉ በፊት ወንበሩን አስተካክሉ፤ ክርናችሁ ከቁልፉ ገጽ ጋር እኩል እስኪሆን፣ የተቀመጣችሁትም በወንበሩ የፊት ግማሽ ላይ እስኪሆን ድረስ። በአዳራሽ የምታገኙት የኮንሰርት ግራንድ ትልቅ ነው፤ የስታይንዌይ ዲ ሞዴል ርዝመቱ 274 ሴንቲሜትር ነው። በቤት ውስጥ ቋሚ ፒያኖ ላይ እንደለመዳችሁት ብትመቱት ባሱ ቀኝ እጃችሁን ይውጠዋል። ስለዚህ ሙከራውን በኃይል አትጀምሩ። ከታችኛው ኖታ እስከ ላይኛው ድረስ 88ቱንም ቁልፎች አንድ በአንድ በጣም በዝግታና በለስላሳው ንኩ፤ የትኛው ቁልፍ እንደማይናገር፣ የትኛው ከጎረቤቱ እንደሚደምቅ ጻፉ። ይህ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ ፔዳል። ቀኝ ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ እየጫናችሁ ድምፅ መንጠልጠል የሚጀምርበትን ነጥብ ፈልጉ፤ በአንዱ ፒያኖ ገና ሲነኩት ነው፣ በሌላው ከግማሽ በኋላ ነው። የግራው ፔዳል በግራንድ ላይ መዶሻዎቹን ወደ ጎን ያንሸራትታቸዋል፤ ሦስት ክር ይመታ የነበረው መዶሻ ሁለቱን ይመታል። ድምፁ መቀነስ ብቻ አይደለም፣ ቀለሙም ይለወጣል፤ አንዳንዱ ፒያኖ ላይ ደብዛዛ ይሆንና አለመጠቀሙ ይሻላል።

አንድ የምታምኑት ሰው ከአዳራሹ መካከል ተቀምጦ ያዳምጣችሁ። ባዶ አዳራሽ ያስተጋባል፤ ሰው ሲሞላበት ልብሱና ሰውነቱ ድምፁን ይውጠዋል። ስለዚህ በሙከራ ላይ ትንሽ የበዛ የሚመስል ፔዳል ማታ ልክ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙን ሙሉ በሙሉ በፍጥነቱ አትጫወቱት፤ የየሥራውን መክፈቻ፣ መዝጊያና አስቸጋሪውን ገጽ በዝግታ ሞክሩና ተነሡ።

ቃኚውን አክብሩ። በዚያ ምሽት ከእርሱ የበለጠ የሚረዳችሁ ሰው የለም። “ፒያኖው ከብዶኛል” ብትሉት ምንም ማድረግ አይችልም። “ከመካከለኛው ሲ በላይ ያለው ኤፍ ሲደጋገም ይሰነካከላል፣ ሁለተኛው ኦክታቭ ላይ ያለው ኤ ከሌሎቹ ይደምቃል” በሉት፤ በሠላሳ ደቂቃ ያስተካክለዋል። የደመቀውን መዶሻ ፈልቱን በመርፌ ወግቶ ያለሰልሰዋል። የመላውን ፒያኖ ቁልፍ ክብደት ለውጥልኝ ማለት ግን ቀናት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ በኮንሰርት ቀን አይጠየቅም። ቅኝት ራሱ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈልጋል፤ በሩ ከመከፈቱ በፊት ይህን ጊዜ ልቀቁለት። ከኦርኬስትራ ጋር ከሆነ ቅኝታቸው 440 ይሁን 442 ኸርዝ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በአውሮፓ 442 የተለመደ ነው።

ልብስና ጫማችሁን ቀድማችሁ ተለማመዱበት። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ የፔዳሉን ነጥብ ይሰውራል፤ በትከሻ የሚጠብቅ ኮት ክንድን ያስራል። ከኮንሰርቱ ሦስት ሰዓት ያህል በፊት ቀለል ያለ ምግብ ብሉ። እጃችሁ ከቀዘቀዘ ለብ ባለ ውኃ ንከሩት። ለመንቀጥቀጥ የልብ ምት የሚያዘገይ ኪኒን የሚወስዱ ሙዚቀኞች አሉ፤ ያለ ሐኪም አትንኩት፤ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው።

ወደ ትምህርቱና ወደ ውድድሩ ልለፍ። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተነሥቶ በቡልጋሪያ ሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ (ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት) የተማረው ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ መንገዱ እንዳለ አሳይቷል። ወደ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ኮንሰርቫቶሪ ለመግባት የሚጠየቀው ፕሮግራም ከቦታ ቦታ ብዙ አይለያይም፤ ከባኽ አንድ ፕረሉድና ፉጋ፣ አንድ የሃይድን፣ የሞዛርት ወይም የቤትሆቨን ሶናታ፣ አንድ ወይም ሁለት ኤቱድ (የጣት ብልኃት ማዳበሪያ ሥራ)፣ አንድ የሮማንቲክ ዘመን ሥራና አንድ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ። በጀርመን ከዚህ ላይ የጆሮና የንድፈ ሐሳብ ፈተና፣ የቋንቋ ማስረጃም አለ፤ በፒያኖው አልፎ በጆሮ ፈተናው የሚወድቅ ብዙ ነው። በአብዛኞቹ የጀርመን ግዛቶች በመንግሥት ኮንሰርቫቶሪዎች የትምህርት ክፍያ የለም፤ ባደን ቩርተምበርግ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። በአሜሪካ ፊላደልፊያ የሚገኘው የከርቲስ ሙዚቃ ተቋም ከ1928 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቀበለውን ተማሪ ሁሉ የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል፤ የሚቀበለው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

የማመልከቻ ቪዲዮ በአንድ ቀረጻ፣ ሳይቆረጥ ነው የሚፈለገው። ካሜራው በቀኝ በኩል ሆኖ እጅና ፊት ያሳይ። በስልክ የምትቀዱ ከሆነ ድምፅን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ማስተካከያ አጥፉ፤ አለዚያ ፒያኒሲሞውና ፎርቲሲሞው እኩል ይሆኑና ዳኛው በልስላሴ የደከማችሁበትን አይሰማውም። ያ ማስተካከያ የማይጠፋበት ስልክ ከሆነ መቅጃ ተዋሱ።

የዋርሶው ሾፐን ውድድር በ1927 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በየአምስት ዓመቱ ይካሄዳል፤ ሾፐንን ብቻ ነው የሚያጫውተው። ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የእንግሊዙ ሊድስና ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የቴክሳሱ ክላይበርን ደግሞ ሰፊ ፕሮግራም ይጠይቃሉ። ወደ ትልቁ ውድድር በችኮላ አትሂዱ። ለውድድር የምትይዙት ሥራ ቢያንስ ስድስት ወር ያደረና በትንንሽ መድረክ አምስት ጊዜ የተጫወታችሁት ይሁን። ሌላም አስቡ፤ ያሸነፈ ሰው በሚቀጥሉት ወራት ጥሪ ይጎርፍለታል። ሁለት ሙሉ ፕሮግራምና ሦስት አራት ኮንሰርቶ (ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወቱት ሥራ) ተዘጋጅቶ ካልጠበቀው ያ በር በዓመቱ ይዘጋል። ሽልማቱን አግኝተው ስማቸው የጠፋ ብዙዎች የወደቁት እዚህ ላይ ነው።

በፕሮግራማችሁ ውስጥ የአገራችሁን ሥራ አስገቡ ስል በሙሉ ልቤ ነው። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩና የግርማ ይፍራሸዋ የፒያኖ ሥራዎች አሉላችሁ፤ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ቅኝት የሚሠራ ወጣት አቀናባሪም ፈልጉ። በመጨረሻ ጭብጨባ ላይ እንደ ማጣፈጫ ብቻ አታቅርቡት፤ ከባኽ ቀጥሎ በፕሮግራሙ መካከል፣ እንደ ባኹ ተጠንቶ ይቀመጥ። ጌጡ የት እንደሚወድቅ፣ ፔዳሉ የት እንደሚለቀቅ በእርሳስ ጻፉበት። በስሜት ብቻ የሚጫወቱት ሰዎች ናቸው ያቀለሉት።

ስለ እንጀራም ልናገር። በብቸኛ ኮንሰርት ብቻ የሚኖር ፒያኒስት በዓለም ላይ በጣም ጥቂት ነው። የቀረው በማስተማር፣ ዘፋኝና ቫዮሊን በማጀብ፣ በቻምበር ሙዚቃ (በጥቂት ተጫዋቾች ቡድን)፣ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይኖራል። ይህ ውድቀት አይደለም፤ ሙያው ራሱ ይህ ነው። ስለዚህ በየቀኑ 20 ደቂቃ አይታችሁት የማታውቁትን ኖታ ሳትቆሙ አንብቡ። ፈጥኖ የሚያነብ ፒያኒስት ሥራ አያጣም፤ አንዴ የጠራው ሰው ሌላ ጊዜም ይጠራዋል።

ውል ስትፈርሙ እነዚህ በጽሑፍ ይኑሩ፤ የፒያኖው ሠሪና መጠን፣ በኮንሰርቱ ቀን መቃኘቱ፣ ስንት ሰዓት ሙከራ እንደምታገኙ፣ ትኬትና ማረፊያ የማን እንደሆነ፣ ኮንሰርቱ ከተቀዳ የቅጂው መብት፣ ቢሰረዝ ስንት እንደሚከፈላችሁና በስንት ቀን ውስጥ። ክፍያው ከታክስ በፊት ይሁን በኋላ ጠይቁ። ጀርመን ከውጭ አርቲስት ክፍያ ላይ በመደበኛው 15.825 በመቶ ትቀንሳለች፤ አሜሪካ ነዋሪ ካልሆነ አርቲስት ላይ 30 በመቶ ትይዛለች። የወኪላችሁ ድርሻ ከ15 እስከ 20 በመቶ በዚህ ላይ ይደመራል። የቀረውን አስልታችሁ እሺ በሉ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ቪዛን ከሁሉ በፊት አስቡ። ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት ውሳኔ ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ የሚታይበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ የግብዣ ደብዳቤው ኮንሰርቱ አምስት ወር ሲቀረው እጃችሁ ይግባ። በተከታታይ ሁለት አገር የምትጫወቱ ከሆነ በአንድ ጉዞ ውስጥ እንዲገጣጠሙ አዘጋጆቹን አስማሙ። በደብዳቤውና በውሉ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። በመድረክ ስማችሁ ወይም የአያት ስም ጎድሎ ከተጻፈ ቆንስላው ይመልሰዋል፤ ኋላም ባንኩ ክፍያውን ይይዘዋል። ፖስተሩ ላይ የፈለጋችሁት ስም ይውጣ፤ ውሉ ላይ ግን የፓስፖርታችሁን ሙሉ ስም አስጽፉ።